ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የእናቴ አገልግል

ቦንጋ መሀል ከተማ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሆቴል ሆኖ ከተከፈተ ወዲህ ሳየው ያቅለሸልሸኛል። ድሮ የቡና ነጋዴ መኖሪያ ነበር። ደርግ ወረሰውና እስር ቤት አደረገው፤ ከዚያ በኋላ ማዳበሪያ ሲከማችበት ኖረ። መግቢያው ላይ የሰቀሉትን የቤቱን ታሪክ ላነበበ ግን ከነጋዴው እጅ ቀጥታ ወደ ሆቴሉ ባለቤት የተላለፈ ይመስላል። የጻፈው ሰው ትንሽ እንኳ አላፈረም።

አባቴ የታሰረው እዚያ ነው። እናቴ በየቀኑ ስንቅ ታመላልስ ነበር። ሁለት አገልግል ነበራት፤ የዛሬውን ሰጥታ የትናንቱን ባዶ ትቀበላለች። ባዶ ሆኖ ከተመለሰ አባቴ አለ፣ በልቷልም ማለት ነው። አንድ ቀን ዘበኛው ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ ብሎ መለሳት። ሬሳም አልሰጧት። የትናንቱ አገልግል እዚያው ውስጥ ቀረ። እስከ ዛሬ እናቴን የሚያንገበግባት በውስጡ የነበረው ያ የመጨረሻ ቆጮ ነው። በልቶት ይሆን ወይስ እንደራበው ነው የገደሉት? እኛም ይህን እየሰማን አደግን። ገበያ እንኳ ስትሄድ በዚያ በር ላለማለፍ በታችኛው መንገድ ትዞራለች።

ዘንድሮ ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ ምግብ ቤቱ ሁሉ ሞልቶ ቦታ ያገኘነው እዚያ ብቻ ነበር። ሌላ እንፈልግ ብላት እናቴ ልጆቹ ርቧቸዋል ብላ ቀድማኝ ገባች። የርካሽ ሽቶና የጥብስ ሽታ ተቀላቅሎ ያፍናል። ግድግዳው ላይ፣ ባህላዊ እንዲመስል ተብሎ፣ አሮጌ አገልግሎች ተደርድረዋል፤ ተመራቂዎች ከሥራቸው ቆመው ፎቶ ይነሳሉ። እናቴ አንዱ ላይ ዓይኗ ቀረ። ማንገቻውን በቀይ ቆዳ የጠገነችው ራሷ ነበረች።

ወጣቱን ሥራ አስኪያጅ ጠርቼ ከየት እንዳመጧቸው ጠየቅሁት። ቤቱ ሲታደስ ከጓሮ ክፍል፣ ከማዳበሪያ ጆንያ ሥር እንዳገኟቸው በኩራት ነገረኝ። ደሜ ፈላ። ያኛው የእናቴ መሆኑን ስነግረው ግን ልጁ አላንገራገረም፤ አውርዶ በሁለት እጁ ሰጣት።

እናቴ ክዳኑን አነሳች። ተመጋቢ የጣለው ያገለገለ ሶፍትና የማስቲካ ወረቀት ታጭቆበታል።  ቀና ብላ ሥራ አስኪያጁን አየችው።

"ልጄ፣ ስታገኙት ባዶ ነበር?"

ስለ ንጽሕናው የተጨነቀች መሰለው።

"አይስጉ እማማ። ውስጡ ያለውን ሁሉ ደፍተን፣ በበረኪና አሳጥበን ነው ቫርኒሽ የቀባነው።"

ምን እንደደፉ ልጠይቀው አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ሶፍቱን አንድ በአንድ ለቅማ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና አፍንጫዋን ወደ ውስጥ አስጠግታ አሸተተች። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ጭኗ ላይ አቅፋው ተቀመጠች፤ የቫርኒሹ ሽታ እስከ እኔ ይደርሳል።

"የእሱ ሽታ የለውም" አለችኝ።