ያልለካሁትን አልጽፍም

ዛሬ ጠዋት መካኒሳ ሆስፒታል ተኝቼ፣ አንዲት የነርስ ተማሪ አለቃዋን «ያልለካሁትን አልጽፍም!» ስትላት ሰማሁ። ሕመሜን ረስቼ ቀና አልኩ።

ልጅቷ ለልምምድ የመጣች ናት። ውጤቷን የምትሞላላት ደግሞ ይህችው ተረኛ ሲስተር።

«ሥራ በዝቷል፣ የሁሉንም ሙቀት ሠላሳ ሰባት ብለሽ ሙዪው።»

«አይሆንም፣ ሲስተር።»

«እንግዲያው እኔም ውጤትሽን በግምት እሞላዋለሁ!»

እኔ አላስቻለኝም። «ሲስተርዬ፣ የኔንም ዕድሜ ሠላሳ ሰባት በይልኝ» አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ሲስተር ብቻ አልሳቀችም።

ልጅቷ ከአልጋ አልጋ እየዞረች ለካች። አጠገቤ የተኛው አናጢ ሙቀቱ ሠላሳ ዘጠኝ ከምናምን ሆኖ ተገኘ። ሲስተር ሐኪም ልትጠራ ሮጠች።

ስትመለስ ግን የልጅቷን የውጤት ወረቀት አንስታ ፊቷን አጠቆረች። ያኔ የልጅ ልጆቼ እንኳ የማያውቁትን ተናገርኩ።

«ስሚኝ ሲስተርዬ። በዘጠናዎቹ እዚሁ አካባቢ፣ ላፍቶ፣ ነርስ ነበርኩ። ያቺን ሠላሳ ሰባት ሳልለካ ስንቴ ጽፌአታለሁ! አለቃዬ ሙላ ሲለኝ እንደዚህች ልጅ አልጽፍም የምልበት ወኔ አልነበረኝም። እሷን ከጣልሻት ከዚህ አልጋ አልነሳም። ምግባችሁን እንደሆነ ለምጄዋለሁ!»

ሲስተር ወረቀቱን ሳትሞላ አስቀመጠችው። እኔም ዓይኔን ከወረቀቱ ላይ አልነቀልኩም፤ በግምት እንዳትሞላው ይኸው አሁንም እየጠበቅኩት ነው።

እናንተስ? አለቃችሁን አልጽፍም ብላችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ እንደኔ ዝም ብላችሁ ጽፋችኋል? አትፈሩ፣ ሽማግሌው ቀድሞ ተናዟል።