ውሻችን የገብሱን ጎተራ የጠበቀ ዕለት

ዛሬ ትንሿ ውሻዬ የጎረቤቴን ቀሚስ ነክሳ አልለቅም አለች። ሳልጮህ፣ ሳልመታት ነጠላዬን ጣል ባደርግባት ጸጥ አለች።

ይህን ያየሁት ከእናቴ ነው፤ ያውም በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ አሰላ።

የቀበሌ ጠባቂዎች ወንድሜን ለውትድርና ሊወስዱት መጡ። እሱ የገብሱ ጎተራ ውስጥ ተደብቋል። አንደኛው ወደ ጎተራው ሲጠጋ ውሻችን ሱሪውን ነክሶ ያዘው። ሰውዬው ጠመንጃውን አቀባበለ።

እናቴ ውሻውን በነጠላዋ ሸፍና፣ ጠቅልላ አቀፈችው።

«አትፍረድባት ልጄ፣ ጎተራው ውስጥ ወልዳ ነው።»

«አራስ ውሻ እኮ ይታሰራል፣ እትዬ» ብሎ ሰውዬው ወደ ኋላ አፈገፈገና ጓደኞቹን አስከትሎ ወጣ።

ውሻችን ወንድ ነበር። ደግነቱ ገልጦ ያየው የለም። ወንድሜ ግን እስኪመሽ ከጎተራው አልወጣም።

እናንተስ፣ የሚናከስ ትንሽ ውሻ እንዴት ነው የምታበርዱት?