ኖራ ያልነካው ግድግዳ

ቀለም ቀቢው ዕድሜውን ከኖራ ጋር ስለጨረሰ ጓደኞቹ «ነጩ» ይሉታል፤ መልኩ ግን ከሰል ነው። ከሥራ ሲመለስ ቅንድቡ ሳይቀር ኖራ ስለሚለብስ ሚስቱ በር ላይ ሳታራግፈው ቤት አታስገባውም። ነገር የማይወድ፣ ሁሉን «እሺ» ብሎ የሚያድር ሰው ነበር።

የፍራሽ ፋብሪካው መጋዘን የተቃጠለ ሰሞን ግን ቤቱ ሰላም አጣ። የመጋዘኑ ዘበኛ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። እሳቱን ላጥፋ ብሎ ገብቶ ሁለት እጁ ተቃጠለና ሆስፒታል ተኛ። ፋብሪካው ደግሞ ሲጋራውን ሳያጠፋ እንቅልፍ ጥሎት ነው ብሎ ጥፋቱን በእሱ ላይ አላከከ። ዘበኛው አጫሽ መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቅ ወሬውን ለማመን ማንም አልተቸገረም። ነጩ ሚስቱን አይዞሽ ይበላት እንጂ በሆዱ እሱም አምኖ ነበር። እሷም ነቅታበታለች፤ ሲያናግራት ትመልስለታለች እንጂ ቀና ብላ አታየውም።

በዚህ መሃል የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ነጩን አስጠራው። ከዘበኛው ጋር ያለውን ዝምድና አያውቅም። እንግዶች ስለሚመጡ መጋዘኑ ቶሎ በኖራ እንዲቀባ አዘዘ፤ በተለይ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ይቅደም አለ። ነጩ እሺ ብሎ ኖራውን በጠበጠ፣ ብሩሹን ነከረና ወደ ግድግዳው ተጠጋ።

እዚያው ደርቆ ቀረ።

ዘበኛው የሚቀመጥበትን ጥግ የነካው ጭስ ብቻ ነው፤ ቀለሙ እንኳ አልተላጠም። ይኼኛው ግን ከወገብ በላይ እስከ ጣራው ከስሏል። ጥቀርሻው የጀመረው የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ከነበረበት ቦታ ነው። ሳጥኑ ተነቅሎ ተወስዷል፤ የቀረው የብሎን ቀዳዳና የቀለጠ ሽቦ ጫፍ ነው። ያ ሳጥን ብልጭ ብልጭ ይላል፣ ብናገርም የሚሰማኝ አጣሁ ብሎ ዘበኛው ሲያማርር ነጩ በጆሮው ሰምቷል። እንግዶች የተባሉትም እነማን እንደሆኑ አሁን ገባው፤ የቃጠሎውን መንስኤ የሚያጣሩ መርማሪዎች ናቸው።

ነጩ የሚያደርገው ቢጠፋው ዞሮ ሌሎቹን ግድግዳዎች መቀባት ጀመረ። ጨርሶ ጥቁሩ ብቻ ሲቀር ሥራ አስኪያጁ መጣ።

«ያልኩህን ለምን ተውከው?»

«እሱን አልቀባም፣ ጌታዬ። ዘበኛው የሚስቴ ወንድም ነው።»

የሥራ አስኪያጁ ፊት ተለዋወጠ። በሩን ገርበብ አድርጎ በለሆሳስ ይለማመጠው ጀመር፤ ፋብሪካው ዘበኛውን እንደሚያሳክም፣ ለነጩም ሥራ እንደማይጠፋ፣ ነገሩ ቢለባበስ ማንም እንደማይጎዳ አስረዳው። ነጩ መሬት መሬት እያየ አዳመጠ።

«አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው፣ ጌታዬ» አለ።

ይኼኔ ውጭ መኪና ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ብሩሹን ነጥቆ ከነሱፉ ራሱ መቀባት ጀመረ። ነጩም እርጥብ ጆንያ አነሳና፣ ጥቀርሻውን እንዳያስለቅቅ እየሰጋ፣ ኖራው ሳይደርቅ ከሥር ከሥሩ ጠረገ። አንዱ ይቀባል፣ አንዱ ይጠርጋል። መርማሪዎቹ ሲገቡ ያገኟቸው እንዲህ ሆነው ነው።

ከመርማሪዎቹ አንዷ፣ ጠና ያለች ሴት፣ ሁለቱን ተራ በተራ አየችና ወደ ብሎኖቹ ቀዳዳ ጠቆመች።

«እዚህ የነበረው ምንድን ነው?»

ነጩ ከሥራ አስኪያጁ ቀድሞ የኤሌክትሪክ ሳጥን እንደነበረ ነገራት። ሳጥኑም ተፈልጎ ከጓሮ፣ ከቁርጥራጭ ብረት ሥር ተገኘ።

አመሻሹ ላይ ከሚስቱ ጋር ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ፣ ነጩ የሆነውን ሁሉ ነገራትና «እኔም እኮ አምኜ ነበር» አላት።

«አውቃለሁ» አለች። መንገድ ሲሻገሩ ግን ክንዱን ያዘች።

ዘበኛው ከጥፋተኝነት ነፃ ወጣ፤ የግራ እጁ ጣቶች ግን እስከ ዛሬ አይዘረጉም። ለነጩም ምርቃት አልዘነበለትም። ሥራ አስኪያጁ ለየወዳጆቹ ነገረኛ ነው ብሎ ስላስወራበት ትልልቁ ሥራ ራቀው፤ አሁን የሚቀባው የሰፈር ሱቅና የጎረቤት አጥር ነው። አይቆጭህም ወይ ብለው የሚጠይቁት አሉ።

«ይቆጨኛል እንጂ! ሆድ መቼ እውነት ይበላል» ይላቸውና መሰላሉን ተሸክሞ መንገዱን ይቀጥላል።