የመስኮት ፀሐይ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ እግር ሐኪም የደም ምርመራዬን ወረቀት እያገላበጠ፣ «እማማ፣ አጥንትዎ የሳሳው ፀሐይ ስለማያገኙ ነው። ጠዋት ጠዋት ክንድና እግርዎን ገልጠው ፀሐይ ይሙቁ» አለኝ። ዓባይ ማዶ ያለው ቤቴ በረንዳው ዙሪያውን መስታወት ነው። «እኔ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አይደል እንዴ የምውለው?» አልሁት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «በመስታወት የሚገባው አይሠራም፤ ደጅ ይውጡ» ብሎ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ይህን ነገር እኔ አውቀው ነበር። ይህ ልጅ ሳይወለድ በፊት አውቀው ነበር።

የአንበሳሜ ልጅ ነኝ። ነርስ ሆኜ የተመረቅሁት በደርግ ጊዜ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ባሕር ዳር አንድ ክሊኒክ ተመደብሁ። ያን ጊዜ የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ብስክሌት ላይ ነበር፤ እኔም በዘንባባው ጎዳና ደወሌን እያቃጨልሁ፣ ሽማግሌ ይሁን አሮጊት ከፊቴ እያስወገድሁ እሄድ ነበር። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ዛሬም የለኝም፤ የዚያን ጊዜ ግን ይብስ ነበር። እኔ የማውቀውን የማያውቅ ሰው የሰደበኝ ይመስለኝ ነበር።

ስንዱ የመጣችው በመስከረም ነው፣ ዝናቡ ገና ጨርሶ ሳያቆም። ባሏ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ከወሎ ነው የመጡት። ከእኔ አሥር ዓመት ሳትበልጠኝ አትቀርም። ታምራት የሚባለውን ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ጠቅልላ ይዛዋለች፤ ዳቦ የያዘች ነው የምትመስለው። ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ አይቆምም። ፈታሁት። የአናቱ እርግብግቢት አልገጠመም፣ የእጁ አንጓ ወፍሯል፣ እግሮቹ እንደ ቀስት ጎብጠዋል።

«ፀሐይ ታወጪዋለሽ?»

«ኧረ ሲስተር፣ ምች ይመታብኛል። የበኩሬን ልጅ የበላብኝ ምች ነው። ይኸ ከተወለደ ለክርስትናው አንዴ ወጣ፣ እሱንም ተሸፋፍኖ።»

እሷ እርስዎ ትለኛለች፤ እኔ አንቺ እላታለሁ። ትምህርቱ ገና ጭንቅላቴ ውስጥ ትኩስ ነውና ጀመርሁላት። «ፀሐይ ውስጥ ዓይን የማያየው ጨረር አለ። ያ ጨረር ቆዳን ሲነካ ከቆዳው ሥር ያለውን ስብ ይለውጠዋል። ደም ወደ ጉበት ይወስደዋል፤ ጉበት ሠርቶ ለኩላሊት ይልከዋል፤ ኩላሊት ይጨርሰዋል። አንጀት ከወተቱ ውስጥ ለአጥንት የሚሆነውን መሳብ የሚችለው ያኔ ነው። ፀሐይ ካልነካው የላም ወተት ሙሉ ጋን ብታጠጪው እንዲሁ ያልፋል።»

አግዳሚው ላይ ተራ ከሚጠብቁት አንዷ፣ «ጉበቱን ፀሐይ ላይ ልታሰጪው ነው እንግዲህ? ቋንጣ ልታደርጊው?» አለች። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ስንዱም በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። የእሷ ሳቅ አናደደኝ።

«ልብሱን አውልቀሽ፣ ዘይት ቀብተሽ፣ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ አስተኚው። የሐይቁ ነፋስ እንዳይመታው። በቃ። ቀጥሎ!»

ደብተሬ ላይ በቀይ ያሰመርሁበት አንድ መስመር ሳልነግራት ቀርቶ ነበር፤ ጨረሩ በመስታወት አያልፍም የሚል። ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሼዋለሁ። ስንዱን ግን ተናድጄ ሸኘኋት።

በጥቅምት መጣች፤ ለውጥ የለም። በኅዳር መጣች፤ ለውጥ የለም። «ታወጪዋለሽ?» ስላት «በየቀኑ ሲስተር፣ አንድ ቀን ዘልዬ አላውቅም» ትለኛለች። በታኅሣሥ አንጓው ይባስ ወፍሮ አየሁት። «ትዋሻለሽ» አልኋት። ልጇን ጠቅልላ ወጣች።

እሑድ እሑድ ለቀበሌው ሴቶች ስለ ጤና ማስተማር ግዴታዬ ነበር። ስብሰባው ሆን ተብሎ በቅዳሴ ሰዓት ይደረጋል። የገና ጾም ነው፤ ሴቶቹ አፋቸው ደርቆ ተቀምጠዋል፤ እኔ ቁርሴን በልቼ ነው የሄድሁት። የሴቶች ማኅበሩን ሊቀመንበር፣ ጓድ አስካለን፣ ስለ ስንዱ አስቀድሜ ነግሬያታለሁ። ስንዱን ስሟን ጠርታ ወደ ፊት አወጣቻት።

ልጁን ከእጇ ተቀበልሁት። ጋቢውን ጣልሁና በብብቱ ይዤ ወደ ላይ አነሣሁት፤ እግሮቹ ተንጠለጠሉ። «ተመልከቱ። የስንፍና ፍሬ ይኸ ነው» አልሁ። ታምራት የማጫውተው መስሎት ሳቀልኝ።

«እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ በየቀኑ ነው ፀሐይ የማሞቀው» አለች ስንዱ።

ጓድ አስካለ፣ «እግዚአብሔር የዚህ ቀበሌ ነዋሪ አይደለም። ሌላ ምስክር አለሽ?» አለቻት።

የሳቁ ነበሩ። የሳቁት ፈርተው ይሁን ወደው አላውቅም። ስንዱ እስክትታረም ድረስ ከቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና እንዳይሰጣት ተወሰነ። ልጁን መልሼ ሰጠኋት። ጋቢውን ራሷ ጎንበስ ብላ ከመሬት አነሣች።

በማግሥቱ ጠዋት እጅ ከፍንጅ ልይዛት ብስክሌቴን ይዤ ወጣሁ። የታኅሣሥ ነፋስ ጣናን ነጭ በነጭ አድርጎታል፤ ታንኳዎቹ በሙሉ ደረቁ ላይ ተጎትተው ወጥተዋል። የፋብሪካው ሠራተኞች ቤቶች ተራ ላይ ስደርስ ብስክሌቱን አቁሜ በእግሬ ተጠጋሁ። ቤቷ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ትልቅ የመስታወት መስኮት አለው። ከመስኮቱ ወዲያ ታምራት እርቃኑን ጀንዲ ላይ ተኝቷል፤ ዘይት ተቀብቶ ያብለጨልጫል፤ ፀሐይዋ መላ ገላው ላይ ናት። ስንዱ አጠገቡ ተቀምጣ እግሮቹን በመዳፏ ታሻለች። መስታወቱ ከመወልወሉ የተነሣ ያለ አይመስልም።

አንኳኩቼ ገባሁ። አልጋው ከቦታው ተነሥቶ ጥግ ተገፍቷል። ግድግዳው ላይ በከሰል የተሰመሩ ብዙ መስመሮች አየሁ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ሰዓት የለንም፣ ሲስተር። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ፀሐይዋ የምትደርስበት ነው። ጎረቤቴን ሰዓት እያስያዝኋት ነው ያሰመርሁት። ፀሐይዋ ደግሞ ቦታ ትለውጣለች፤ በየሳምንቱ አዲስ አሰምራለሁ።»

ከመስከረም ጀምሮ ያሉት ሳምንታት ሁሉ ግድግዳው ላይ ነበሩ።

«መስኮቱን ለምን ዘጋሽው?»

«ነፋስ እንዳይመታው ብለውኝ የለ?»

እጄን መስታወቱ ላይ አደረግሁ። ይሞቃል። ሙቀቱ ይገባል፣ ብርሃኑም ይገባል፤ ያቺ ለጉበትና ለኩላሊት ሥራ የምትሰጥ ጨረር ብቻ ደጅ ቀርታለች። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። የተናገርሁት ግን ይኸ ነው፦

«መስታወት አይሆንም አላልሁሽም?»

ስንዱ ቀና ብላ ጣራውን አየች፤ የመስከረሟን ቀን እየፈለገች እንደ ነበር ገባኝ። ስታጣት ጊዜ፣ «ብለውኝ ይሆናል። እኔ ነኝ እንግዲህ። የእኔ ጆሮ ምን ይሰማል» አለች። ልጇን አንሥታ ደጅ ወጣች። ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጥታ፣ ነጠላዋን እንደ አጥር ዘርግታ ፀሐይ ላይ አስተኛችው።

በሚቀጥለው እሑድ ራሷ ተነሥታ ግለ ሂስ አደረገች። «ሲስተር ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁ» አለች። ተጨበጨበላት፤ ስኳሩም ሳሙናውም ተመለሰላት። እኔም አጨበጨብሁ።

ክረምት ሲገባ ታምራት መሄድ ጀመረ። እግሮቹ ግን እንደ ጎበጡ ቀሩ። እነዚያ ሦስት ወሮች ባይባክኑ ኖሮ ይቃኑ ነበር ወይ? ያን ልጅ እግር ሐኪም ልጠይቀው እችል ነበር። አልጠየቅሁም።

ትናንት ሐኪሙ እንዳዘዘኝ ሐይቁ ዳር ሄጄ እጅጌዬን ሰብስቤ ተቀመጥሁ። ታምራት እዚያ የጀልባ ሞተር ይጠግናል፤ ጸጉሩ ሸብቷል። ከሩቅ አይቶኝ ግራ ቀኝ እየተወዛወዘ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። እናቱ ባለፈው ዓመት ነው ያረፈች።

«እስክትሞት ድረስ እርስዎን ታነሣ ነበር» አለኝ። «'ሲስተር ነግረውኝ ነበር፤ እግርህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ' ትለኝ ነበር።»

«አንተ ምን ትላት ነበር?»

«ልጅ ሳለሁ እቀየማት ነበር። በመጨረሻ ግን ይቅር ብዬሻለሁ አልኋት። አለቀሰች።»

«ደግ አደረግህ» አልሁት።

ወደ ሞተሩ ተመለሰ። እኔም ክንዴን ገልጬ ግማሽ ሰዓቴን ጨረስሁ። ሰው ሲያረጅ አፉ ይፈታል ይላሉ፤ የእኔ አልተፈታም፤ ስለዚህ ጻፍሁት። ስንዱ ማንበብ አትችልም ነበር። ልጇ ግን ይችላል።

ታምራት፣ እናትህን አልነገርኋትም ነበር።