እትዬ አንጓች ያልቀመሱት በርበሬ

ባለፈው ኅዳር ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ስንጓዝ የመኪናችን ጎማ ቡሬ ላይ ተነፈሰ። ሹፌሩ እስኪያስጠግን ወርጄ ወደ ገበያው አዘገምኩ። ሸራ ላይ የተዘረጋ አዲስ በርበሬ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ገና ያልተፈጨ፣ ፀሐይ ግማሹን ያደረቀው፣ ጣፈጥ ያለ ግን ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ። ሁለት ጊዜ አስነጠሰኝ። ሻጯ "ይማርሽ" ብላ ሳቀች። እኔ ግን ሐሳቤ ከገበያው ወጥቶ የእትዬ አንጓች ጓሮ ገብቶ ነበር።

እትዬ አንጓች፣ እዚያው ቡሬ ሳድግ፣ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ያኔ መንግሥት ከተለወጠ አምስት ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ባላቸው ቀድመው ሞተዋል፣ ልጅም አልነበራቸውም። በረንዳቸው ላይ በእግር በምትሠራ የስፌት መኪና የተማሪ ዩኒፎርምና የገበሬ ቁምጣ ይሰፋሉ። መተዳደሪያቸው ስፌቱ ነው፤ ልባቸው ግን ጓሮ ነበር። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ድንብላሉ፣ ጎመኑ፣ ጤና አዳሙ ሁሉም በየመደቡ ተሰድሮ፣ መሐል ላይ በርበሬው ይነግሣል። ከመኪናቸው ተነሥተው ወደ ጓሮ ሲሄዱ የልብስ መለኪያውን ሜትር ከአንገታቸው አያወርዱትም፤ በዚያው ሜትር በችግኝና በችግኝ መካከል ያለውን ርቀት ይለካሉ። ቡሬ የበርበሬ አገር ነው፤ እንዲያም ሆኖ የእሳቸውን ዛላ የሚያህል በሰፈራችን አልነበረም።

ያንን በርበሬ ግን መብላት አይችሉም። ቃር ነበረባቸው። ሊያርሙ ጎንበስ ሲሉ ከሆዳቸው የሚነሣው እሳት ደረታቸውን አልፎ ጉሮሯቸው ድረስ ይመጣል። ቀጥ ብለው ይቆሙና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ከጣሳ ውኃ ይጎነጫሉ፤ ከዚያም ሰው እንደሚሰድቡ ሁሉ "ውጣ! ውጣና የት እንደምትደርስ አያለሁ!" ብለው ተመልሰው ይጎነበሳሉ። እኔና ታናሽ እህቴ በአጥሩ ቀዳዳ እያየን አፋችንን ይዘን እንስቅ ነበር። በሽታ መሆኑን አላወቅንም።

ያወቅነው በዐቢይ ጾም ማብቂያ ሰሞን ነው። እትዬ አንጓች አንድ ጠዋት ከችግኝ መደባቸው አጠገብ ተንበርክከው ሲያስመልሳቸው እናቴ ደረሰች። ከንፈራቸው ነጭ ሆኖ ነበር። በጭነት መኪና ጋቢና አሳፍራ ፍኖተ ሰላም ወሰደቻቸው። እዚያ የሆነውን እናቴ ደጋግማ ስላወራችው እኔም ያየሁት ያህል አውቀዋለሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። መርምሮ መድኃኒት ከጻፈ በኋላ፣ "በርበሬ፣ ቡና፣ ሎሚ፣ ቲማቲም ይተዋሉ። ጥቂት ጥቂት ይብሉ፣ እንደበሉ አይተኙ፣ የአልጋዎን ራስጌ ከፍ ያድርጉ። በልተውም አይጎንበሱ" አላቸው። ቀጥሎ ሥራቸውን ጠየቀ።

"እሰፋለሁ።"

"ሌላስ?"

"በርበሬ አበቅላለሁ።"

ሐኪሙ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

"አይብሉ ነው ያልከኝ ወይስ አይትከሉ?"

"አይብሉ ነው ያልኩት፣ እናቴ።"

"እንግዲያው ተስማምተናል" ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

ወሬው ወንበርማ ገጠር ለሚኖሩት ታላቅ ወንድማቸው ለአያ ፈንታሁን ሲደርስ ግን አጥሮ ደረሰ፤ "ሐኪም አትጎንበሺ አላት" የሚለው ብቻ። ግንቦት ላይ በጋሪ ሙሉ የባሕር ዛፍ እንጨት ጭነው መጡ። እኛ ልጆቹ ጋሪውን ተከትለን አጥሩ ሥር ተኮለኮልን።

"ከእንግዲህ ጓሮ የለም" አሉ አያ ፈንታሁን እንጨቱን እያወረዱ። "እዚህ ላይ ሁለት ክፍል እንሠራና ታከራዪዋለሽ። ቁጭ ብለሽ ትጦሪያለሽ።"

"ማን ጡረታ ጠየቀ፣ አያ?"

"እናታችን ሆዷን ይዛ እንደተጎነበሰች ነው የሞተችው። አንቺን ደግሞ እንደዚያ ልይሽ?" ድምፃቸው ተሰበረ። ሽማግሌው ለክፋት አልመጡም ነበር፤ ፈርተው ነው።

እትዬ አንጓች ወደ ችግኛቸው እያመለከቱ፣ "ዕድሜ ይስጥዎት። እንጨቱን እዚያ ጥግ ያኑሩልኝ። ይህ በርበሬ እስኪቀላ ብቻ ይጠብቁኝ። ያኔ ካልቻልኩ የቤቱን መሠረት እኔው ራሴ እቆፍርልዎታለሁ" አሉ።

"ሳትጎነበሺ እንዴት አድርገሽ?"

"እኔ ወደ አፈሩ ካልጎነበስኩ አፈሩ ወደ እኔ ይነሣል!"

ሰውየው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። በሳምንቱ እትዬ አንጓች የመንገድ ሠራተኞች ጥለዋቸው የሄዱ አምስት የሬንጅ በርሜሎች አስመጡ። ብረት ሠሪው ውስጣቸውን በእሳት አጽድቶ በቁመታቸው ለሁለት ለሁለት ሰነጠቃቸው፤ ታቻቸውንም በሚስማር በሳሳው። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ከመሬት እስከ ወገባቸው ለኩና በዚያ ልክ ድንጋይ አስካቡ። አሥሩ ግማሽ በርሜሎች በድንጋዩ ላይ ተሰደሩ፤ ፍግና ጥቁር አፈር ተሞሉ። ሰኔ ሲገባ ችግኞቹን ቆመው፣ ወገባቸውን ሳያጥፉ፣ አንድ በአንድ ተከሏቸው።

ሰፈሩ ሳቀ። "አንጓች ለበርበሬ አልጋ ሠራችለት!" ተባለ። እሳቸው ሰምተው፣ "እኔም የምተኛው ከፍ ባለ አልጋ ነው፤ ምን ጎደለብኝ?" አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ የአልጋቸውን ራስጌ ሁለት ጡብ አስገብተው ከፍ አድርገውታል።

አመጋገባቸውንም እንደ ልብስ ልክ ቆረጡት። የአጃ ሾርባ፣ የተቀቀለ ድንች፣ አልጫ፤ ትንሽ ትንሽ፣ በየሰዓቱ። እራታቸውን ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጨርሱና እስኪመሽ በጓሮው ይንጎራደዳሉ። ቡናውን ሲተዉ ሦስት ቀን ራሳቸውን አስረው እንደዋሉ አስታውሳለሁ። ሁልጊዜ አላሸነፉም። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሲያይል፣ አንድ የአምና ዛላ ጠብሰው በእንጀራ በሉ። በማግስቱ ዓይናቸው ጎድጉዶ ድምፃቸው ሻክሮ ሲወጡ እናቴ ምን ሆኑ አለቻቸው።

"በላሁት፤ በላኝ" አሉ። "አሁን እኩል ነን።"

መስከረም ላይ የታናሽ ወንድሜ ክርስትና ተደገሰ። ቤታችን ሰው ሞላ፤ የዶሮ ወጡ ድስት ሲከፈት ሽታው እስከ መንገድ ተሰማ። እትዬ አንጓች ከሴቶቹ መሐል ተቀምጠው ሳህናቸውን ባዶ ያዙ። "ለአንድ ቀን ምን አለበት?" አለች አንዷ። "የሕፃኑን ድግስ እንዲህ ይገፋሉ?" አለች ሌላዋ። እናቴ ራሷ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ መጣች። "በሞቴ፣ እትዬ፣ ከእጄ!"

እትዬ አንጓች የእናቴን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ፤ አፋቸውን ግን አልከፈቱለትም።

"ሙሉ፣ እጅሽን አክብሬ ነው የምመልሰው። የዚህን ወጥ በርበሬ አምና ያበቀልኩት እኔ ነኝ፤ ብሉት፣ ደስ ይበላችሁ። እኔ አልበላም። ስለማልበላም ይቅርታ አልጠይቅም።"

እሳቸው ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የተቀቀለ ድንች ፈትተው፣ ልጠው፣ ጨው ነስንሰው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው ቀስ ብለው በሉ። እናቴ ፊቷ ቀላ። ጉርሻውን ለእኔ አጎረሰችኝና ወደ ማድቤት ሮጠች። ከዚያ ቀን በኋላ አጥር ላይ ቆመው ማውራት ቀረ፤ ሰላምታቸው በአንገት ብቻ ሆነ።

የዚያ ዓመት ክረምት አልወጣ አለ። በየጓሮው ውኃ ተኝቶ የበርበሬው ሥር በሰበሰ፤ የእኛም ጠወለገ፣ የአያ ፈንታሁን ማሳም ተበላሸ። የእትዬ አንጓች በርሜሎች ግን ውኃውን በታቻቸው እያንጠባጠቡ ከረሙ። ኅዳር ላይ አያ ፈንታሁን ሲመጡ በርበሬው ከወገባቸው በላይ ቆሞ፣ ቀልቶ፣ ከክብደቱ የተነሣ ቅርንጫፉን አጎንብሶ ጠበቃቸው። ሽማግሌው አንድ ዛላ ቀጥፈው ነከሱ። ወዲያው ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ከማቃጠሉ ይሁን ከሌላ አላወቅንም። ባመጡት የእንጨት ክምር ላይ ቁጭ አሉ።

"እንግዲህ ይህን እንጨት ምን ላድርገው?" አሉ በመጨረሻ።

"ለበርሜሎቹ እግር ይሥሩላቸው። ድንጋዩ ይነቃነቃል።"

አያ ፈንታሁን ጋቢያቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉ። ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሲመቱ ዋሉ።

ቃሩ እትዬ አንጓችን አልለቀቃቸውም፤ እሳቸውም ጓሮውን አልለቀቁለትም። እንዲሁ እየተጓተቱ ከዐሥር ዓመት በላይ ኖሩ። እኔ ኮሌጅ እያለሁ በሳንባ ምች ታመው ዐረፉ፤ ለቀብራቸው አልደረስኩም። ጓሯቸው ለወንድማቸው ልጆች ደርሶ ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል። የስፌት መኪናቸው የት እንደገባች የሚያውቅ የለም።

እናቴ ግን ከዚያ ክርስትና በኋላ፣ በዚያው ዓመት የገና ዋዜማ፣ አንዲት ትንሽ ድስት አልጫ ለብቻዋ ስትጥድ አየኋት። በማግስቱ እትዬ አንጓችን ጠርታ ድስቷን ከፊታቸው አኖረች። ሁለቱም ስላለፈው ነገር አላነሡም፤ እትዬ አንጓች በልተው ጨርሰው "ድገሚኝ" አሏት። ከዚያ ወዲህ እናቴ አልጫ ያልሠራችበት ድግስ የለም። ጎረቤቶቹም አንድ በአንድ ልማዱን ከእሷ ወሰዱት።

አምና የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ፣ ከወጦቹ ሁሉ ዳር ያቺ ትንሽ ድስት ተቀምጣ ነበር። ከቡሬ ውጭ የመጣ የማናውቀው ጎልማሳ ሳህኑን ይዞ ቀይ ቀዩን ሁሉ አለፈና አልጫውን ጨለፈ። ማንም ለምን አላለውም። እሱም ዙሪያውን አላየም፤ ተቀምጦ በላ። እናቴ ከሩቅ አየችውና ድስቷን ለመሙላት ወደ ማድቤት ገባች።