ረዳት ከመኪናው አይርቅም

መኪና ነበረችኝ። የሚስቅ ይሳቅ፤ ነበረችኝ። አረንጓዴ፣ የግራ መብራቷ የጠፋ፣ ስትነሳ የምታስል አሮጌ የጭነት መኪና። የምነዳት ግን በደብረ ማርቆስ አስፋልት ላይ አልነበረም፤ በኢንተርኔት በሚጫወቱት ጨዋታ ውስጥ፣ ዓለም በእሳት ጠፍታ ጥቂት ሰው ብቻ በተረፈበት በረሃ ላይ ነው።

ያኔ የምሠራው ኢንተርኔት ቤት ነበር። ስድስት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ በሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር። ደንበኛ ሲጠፋ እጫወታለሁ። የብዙ አገር ሰው አንድ ላይ ይገባበታል፤ አንዱ ይነግዳል፣ አንዱ ይዘርፋል፣ አብዛኛው በእግሩ ሲኳትን ይውላል። መኪና ያለው ጌታ ነው። እኔ ሰባት ወር ሙሉ የሰው ሸክም ተሸክሜ፣ ከፍርስራሽ ቁርጥራጭ ብረት ለቅሜ ነው ያቺን መኪና የገጣጠምኳት። መጀመሪያ አካሏን፣ ቀጥሎ ጎማዎቿን፣ በመጨረሻ ሞተሯን። ሞተሯ የተነሳች ቀን እልል ስል ፎቶ ኮፒ የሚያስነሳው ደንበኛ ደነገጠ።

የጨዋታው ሕግ ግን ጨካኝ ነው። ኮምፒውተሩን ዘግተህ ብትሄድም መኪናህ ካቆምክበት አትነቃነቅም። ከከተማ ጋራዥ ውጭ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ያንተ ሰው ሳይቀመጥባት ከዋለች የማንም ናት፤ ቀድሞ የደረሰ ይነዳታል። ስለዚህ ምን ብቸኩል ጋራዥ ሳላስገባት ወጥቼ አላውቅም ነበር።

አባቴ ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ። ሰላሳ ዓመት ጭነት አሰሩ፣ ዳገት ላይ እየዘለሉ ወርደው ከጎማ ሥር ታኮ ጣሉ፣ አንድም ቀን መሪ ሳይጨብጡ አረጁ። በቤታችን ስለ መኪና የሚነሳ አንድ ታሪክ አለ፤ የምታነሳው እናቴ ናት፣ ያውም በየበዓሉ። በተወለድኩ በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ስነሳ አባቴ አልነበሩም። መኪናው ዓባይ በረሃ ውስጥ ተበላሽቶ ሹፌሩ መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ እሳቸው በረዳት ደንብ ከመኪናው ጋር ቀሩ። አሥራ አንድ ቀን ከሥሩ አደሩ። «የሰው ብረት ከልጁ በለጠበት» ትላለች እናቴ። አባቴ ጠላቸውን አንስተው ይጎነጫሉ።

ከቅዳሴ መልስ ፀሐይ ሊሞቁ የኢንተርኔት ቤቱ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን አንገታቸውን በበሩ አስገብተው አዩኝ።

«ምንድን ነው ይኸ ምድረ በዳ?»

«ዓለም ከጠፋች በኋላ ነው፣ አባዬ።»

«ስምንተኛው ሺ ገብቶም መኪና ይነዳል?»

«ይነዳል።»

«እንዴ! ታዲያ ዳገት ላይ አቁመሽ ታኮ የማትጥይው ምን ሆነሽ ነው?»

በጨዋታው ውስጥ የቆመ መኪና ወደ ኋላ እንደማይንሸራተት ባስረዳቸውም አልተቀበሉኝም። በሳምንቱ አጠገቤ ባለው ኮምፒውተር የራሳቸውን የጨዋታ ሰውዬ ከፈትኩላቸውና ጋቢና ውስጥ ከጎኔ አስቀመጥኳቸው። መሪ ይያዙ ብላቸው እንቢ አሉ። «እኔ ረዳት ነኝ። ሹፌሯ አንቺ ነሽ።» የማውሷን ነገር እስኪለምዱ ድረስ ሰውዬአቸው ከግድግዳ ጋር እየተጋጨ አሳቀን።

ከዚያ የመጣው ጥፋት የኔ ነው። የሌላ አገር ተጫዋቾች ለመንገደኛ አይቆሙም፤ እጁን ያነሳ ሁሉ ዘራፊ ነው ብለው ያልፋሉ። እኛ ከማርቆስ ወደ ጎረቤት ከተማ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ላይ ያደግን ሰዎች ግን ሰው ቆሞ እየለመነን ጥለነው ብንሄድ ምን ይሉናል? አንዱን ጫንኩ፣ ሌላውን ጫንኩ። አራት ሰው የምትችለዋ መኪናዬ ዘጠኝ መንገደኛ፣ በዚያ ላይ ሙሉ ጭነት ይዛ ትልቁን ዳገት ጀመረች። አባቴ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቦታ አለ!» ይላሉ በአማርኛ፤ ማን ሊሰማቸው። የሙቀት መለኪያው ቀይ ገባ። እኔ እልኸኛ ነኝ፣ ረገጥኳት። ጫፉ ላይ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ሞተሯ ጧ ብላ ነደደች። መንገደኞቹ እየሳቁ ወርደው ተበተኑ።

አለቀስኩ። ሰባት ወር! አባቴ ግን ምንም አልመሰላቸው።

«ምን ያስለቅስሻል? መኪና ይበላሻል። አንቺ ሄደሽ ሞተር ፈልጊ፣ እኔ እጠብቃለሁ።»

ሞተር የሚገኘው ሩቅ ከተማ ነው፤ በእግር ሄጄ፣ ብረት ለቅሜ፣ ገጥሜ እስክመለስ ሦስት ቀን ይፈጃል። በእነዚህ ቀናት እዚያች ዳገት ላይ አባቴ ካልተገኙ መኪናዬ ሄደች ማለት ነው። በዚያ ላይ በከተማችን መብራት በፈረቃ ሆኗል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔና አባቴ ሁለቱም ነን።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ጎን ለጎን ተቀምጠን ዋልን። «አባዬ፣ በቀን አንዴ ብቅ ብለው ቢወጡ እኮ ይበቃል» አልኳቸው። «ረዳት ብቅ ብሎ አይሄድም» አሉና ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው ቆረጠሙ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መብራት ሄደ። እስከ ቀትር ጠበቅን፣ ወይ ፍንክች።  አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወደ መናኸሪያ ወረዱ። ከአማኑኤል የሚመጡትን የሚኒባስ ረዳቶች ጠየቁ፤ አማኑኤል መብራት አለ፣ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ሁለት ኮምፒውተር ከነኢንተርኔቱ አለው። ተሳፍረው ሄዱ። እናቴ ስትሰማ ግቢው አልበቃት አለ። «ድሮ የሰው መኪና፣ ዛሬ ደግሞ ጭራሽ የሌለ መኪና! ኧረ ምን ዓይነት ዕጣ ነው የደረሰኝ!»

አመሻሽ ላይ ተመለሱ። «እንዴት ናት?» ብላቸው «አለች» ብቻ አሉኝ። በማግሥቱም የማርቆስን መብራት ማን ያምነዋል ብለው ማልደው ሄዱ።

እንዳጋጣሚ ረፋዱ ላይ መብራቱ መጣ። ዘልዬ ገባሁ። የቀረችኝን ብረት አገኘሁ፣ ሞተሩን ገጠምኩ፣ ተሸክሜው ያንን በረሃ አቋረጥኩ። ዳገቱ ሥር ስደርስ ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ። አየሁ። መኪናዬ ቆማለች። አፍንጫዋ ላይ የአባቴ ሰውዬ ተቀምጧል። ከኋላ ጎማዎቿ ሥር ሁለት ድንጋይ ታኮ ተደርጓል። በዚያ ጨዋታ ድንጋይ ማንሳት እንደሚቻል እንኳ አላውቅም ነበር።

ስልክ አንስቼ አባቴ በሰጡኝ ቁጥር ወደ አማኑኤሉ ሱቅ ደወልኩ። ባለ ሱቁ ማን መሆኔን ገና ስነግረው «እህቴ፣ አባትሽ እኮ ትናንት ስድስት ጊዜ ሞቱ!» አለኝ።

ነገሩን የነገረኝ እሱ ነው። ሦስት ዘራፊዎች መጥተው አባቴን ገደሏቸው፤ ከዚያ ቀኑ እስኪያልፍና መኪናዋ ባለቤት አልባ እስክትሆን ሊጠብቁ ተቀመጡ። የሞተ ሰው ቅርብ ካለው መንደር እንደገና ይነሳል፤ አባቴ ተነስተው ዳገቱን በእግራቸው ወጡና ተመልሰው ተቀመጡ። ገደሏቸው። ተመለሱ። በስድስተኛው ጊዜ አንደኛው ዘራፊ በእንግሊዝኛ ጻፈላቸው፤ «ሽማግሌ፣ መኪናዋ እኮ አትንቀሳቀስም፣ ምን ትሠራልሃለች?» ባለ ሱቁ ተረጎመላቸው። አባቴም «የምትንቀሳቀስ ብትሆንማ ምን ጠባቂ ያስፈልጋት ነበር በልልኝ» አሉት። ጻፈላቸው። ዘራፊዎቹ ጥቂት ቆይተው ጥለዋቸው ሄዱ።

«አባዬን አቅርብልኝ» አልኩት።

«ደረስሽ?» አሉ አባቴ።

«ደረስኩ። አባዬ፣ ስድስት ጊዜ! ለጨዋታ መኪና?»

ምነው ባላልኩ።  ቀስ ብለው፣ ባለ ሱቁ እንዳይሰማቸው የፈለጉ ይመስል፣ «ያን ጊዜ ዓባይ በረሃ የጠበቅሁት የሰው ነበር። ክርስትናሽን በልቶብኛል። በዕድሜዬ የቤቴን መኪና ስጠብቅ ይኸ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ።

ወዲያው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«በይ፣ ሹፌር ወሬ አያበዛም። ሞተሩን አስገቢ።»

ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ሞተሩን አስገባሁ። ሁለት ጊዜ አሳላትና ተነሳች። «እስቲ ዛሬ እንኳ መሪ ይያዙ» ብዬ ለመንኳቸው።  ሰውዬአቸው ከመኪናዋ አፍንጫ ላይ ወረደ፣ ወደ ኋላ ዞረ፣ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሳ፣ ከጎኔ ገብቶ ተቀመጠ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ ጧ ጧ ሲያደርጉት ሰማሁ፤ ረዳት የመኪናን ጎን እንደሚመታው።

«ሂጂ!» አሉ።

ዓይኔን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁና ረገጥኳት።