ስሙ የማይጠራው መሪ

ሸዋንግዛው መካኒክ ነው። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ከአንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር፣ ጋራዥ ለመባል ቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ያላት ቤት አለችው። አባቱ ከመንዝ ለንግድ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። እሱ ግን ጭቃውን ሲራገምም ሲወደውም እንደ ገዛ ዘመዱ የሆነ የሚዛን ልጅ ነው።

ሥራውን የሚሠራው በጆሮውና በመዳፉ ነው። መሪ ያንኳኳል ተብሎ መኪና ሲመጣለት፣ ሌላው መካኒክ ክሪክ አምጥቶ የፊት ጎማውን ከመሬት ያነሣል። ሸዋንግዛው ይሄን አይወድም። የተንጠለጠለ መኪና ይዋሻል ባይ ነው። ሸክሙን እንደተሸከመ፣ ተሳፋሪው እንደተቀመጠ፣ ሾፌሩ መሪውን ግራና ቀኝ እንዲያወዛውዝ ያደርግና እሱ ከሥር ገብቶ እያንዳንዷን መጋጠሚያ በመዳፉ ይይዛል። የላላችው እጁ ውስጥ ትመታለች። በቃ፣ ተገኘች።

አንድ ጉድለት ነበረበት። የመኪና ሆድ ሥር ተኝቶ መጮህ ስለለመደ፣ ቁጭ ብሎም ሹክ ማለት አይችልም። ሚስቱ በየነች «አንተ ሰላምታህም ጠብ ይመስላል» ትለዋለች።

ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ በሚሰማበት ጊዜ፣ አንድ አይሱዙ እጁ ላይ ነበር። የመሪው ጥርስ አልቆ ነበርና ዕቃ ለማዘዝ ከማናልሞሽ ሱቅ ወደ ጅማ ደወለ። መስመሩ ይቆራረጣል፤ ሸዋንግዛውም እንደ ልማዱ ጮኸ። «መሪው አልቋል። አዎ፣ መሪው ነው ያልኩህ። ብንጠግነው ብንጠግነው አልሆነም፤ መቀየር አለበት። እዚህ ምትክ የለም፣ ከአዲስ አበባ ፈልጉልኝ። ካልተቀየረ ሰው ይፈጃል።»

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው አንድ በአንድ ወጣ። ማናልሞሽ የስልኩን ሒሳብ ስትቀበል ቀና ብላ አላየችውም። እሱ ልብ አላለውም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው «ለትንሽ ጥያቄ» አሉትና ይዘውት ሄዱ። አልመቱትም፣ አልሰደቡትም። መስኮቱ በጋዜጣ የተሸፈነ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ሻይ ሰጡት። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰውዬ ድምፁን ሳያነሣ «ትናንት በስልክ ያልከውን ድገመው» አለው። ደገመው። «የትኛው መሪ?» «የአይሱዙው።» ሰውየው «እስቲ እንደገና» አለው። ሸዋንግዛው ቀና ማለት ስለፈራ ቀኑን ሙሉ ያየው የሰውየውን ጫማ ነው። በዚያ ሁሉ ዝናብ ጫማው ላይ ጭቃ አልነበረበትም። ከግድግዳው ማዶ ደግሞ አንድ ነገር ቋ ይላል። ይቆይና፣ ቋ። በር ነው? ብረት ነው? ሰው ነው? በሕይወቱ ሙሉ ምንጩን ማግኘት ያቃተው ድምፅ እሱ ብቻ ነው።

ሲመሽ «ሂድ» አሉት። ለምን እንደተጠራም ለምን እንደተለቀቀም የነገረው የለም። የተናገረውን በልቡ እየደጋገመ የቤቱ አጥር ጋ ሲደርስ ነው፣ አንዲቷ ቃል ሁለት ፊት እንዳላት የገባው።

በየነች ውኃ አቀረበችለትና እስኪጠጣ ጠበቀች። «ያን ቃል ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ውስጥ እንዳታነሣው» አለችው። «ስማቸው የማይጠራ ነገሮች አሉ። እሱም ከነሱ አንዱ ነው በል።»

ቤቱ ውስጥ ማለቷ ነበር። ከቤቱ ውጪ ግን ማን እንዳዘዘ እንጃ፣ ቃሉ ከሚዛን ጋራዦች ሁሉ ጠፋ። አንድ ቀን አንዱ ሾፌር መጥቶ «ክቡ ጠንክሮብኛል» አለ፣ መሪውን ማለቱ ነው፤ ሌላው «ክቡ ያንኳኳል» አለ። ወይ የሚዛን ሰው፣ ተሰብስቦ ያልተስማማበትን ነገር እንዲህ አክብሮ የሚጠብቅ። መቼም ሰው ሲፈራ ብልሃት አያጣም። ሸዋንግዛውም እፎይ ብሎ «ክቡ» ማለት ጀመረ።

እፎይታው ግን አልዘለቀም። በፊት ከሩቅ የሚጠሩት ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ማለፍ ጀመሩ። ከመብራት ምሰሶው ሥር አንዳንዴ አንድ ሰው ይቆማል፤ ወደ ጋራዡ ያይና ሲታይ ይሄዳል። ሁልጊዜ ያው ሰው ይሁን የተለያየ ሰው፣ በጉሙ ምክንያት አይለይም። ያቺ ቋ የምትለው ድምፅም ተከትላው መጣች። ስልክ ሲያነሣ ይሰማታል፣ ምሳ ሲበላ ይሰማታል። ቆሞ ይሰማና ከየት እንደሆነች ሳያገኝ ይቀራል። ያ ባለ ትልቅ ድምፅ ሰውዬ ሹክ ማለት ተማረ። በየነች መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር፣ በኋላ አስፈራት።

እንዲህ ሆኖ ሲከርም አንድ ጉም የሸፈነው ጠዋት ታምሩ የሚባል ሾፌር መጣ። ሚዛን አጠገብ ካለው ከሸዋ ቤንች ወረዳ የመጣ ልጅ ነው፤ እቤቱ ቤንችኛ እየተናገረ ያደገ፣ አማርኛን ትምህርት ቤት የለመደ፣ ሲበዛ ጨዋ። በዚህ መስመር መሥራት ከጀመረ ገና ሳምንቱ ነው። አሮጌ ላንድክሩዘሩን በሰውና በኮረሪማ ጆንያ ሞልቶ በሸኮ በኩል ወደ ቴፒ ሊሄድ ነው። ከኋላ አንዲት እናት ሕፃኗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ ስታጠፍ ከፊት በኩል ያንኳኳል» አለ ታምሩ። «ሰው በር እንደሚመታ።»

ጋቢና የተቀመጠው፣ ቡኒ ጃኬት የለበሰው ሰውዬ ሰላም እንኳ አላለም። ፊት ለፊት ብቻ ያያል። ሸዋንግዛው አልወደደውም፤ ግን መኪና ቆሞለታል፣ ምን ያድርግ። ከሥር ገባ።

ታምሩ ግራ አዞረ፣ ቀኝ አዞረ። ቋ አለ። ሸዋንግዛው የመሪው ዘንግ ከጎማው ጋር የሚገናኝበትን ቴስቲና በመዳፉ ያዘ፤ ጤነኛ ነው። ማዶውን ያዘ፤ እሱም ጤነኛ ነው። የጋቢናው በር ተከፍቶ ተዘጋ። አንድ ሰው ወረደና ጎማው አጠገብ ቆመ። ከሥር የሚታየው ጫማው ብቻ ነው። ጭቃ የሌለበት፣ የተወለወለ ጥቁር ጫማ።

ሸዋንግዛው መስኮቱ በጋዜጣ የተሸፈነውን ክፍል አስታወሰ። እጁ ግን ሥራውን አልተወም፤ ዘንጉን ተከትሎ ወደ ላይ ወጣና የመሪው ሳጥን መላ መኪናውን ከተሸከመው ከሻንሲው ጋር በቡሎን የታሰረበት ቦታ ደረሰ። ታምሩ ሲያዞር፣ ጎማው ከመንቀሳቀሱ በፊት ሳጥኑ ራሱ ተንቀሳቅሶ መዳፉ ውስጥ መታ። ጭቃውን በካቻቢቴ ፈቀፈቀ። ሻንሲው ከአንዱ ቡሎን ቀዳዳ ወደ ሌላው ፀጉር በሚያህል ቀጭን መሥመር ተሰንጥቋል። በላዩ ላይ ቡሎኖቹ ላልተዋል።

እጁ ስለለመደ ብቻ፣ ቁልፉን አንሥቶ ቡሎኖቹን አጠበቃቸው። ታምሩ ግራ አዞረ፣ ቀኝ አዞረ። ድምፁ የለም።

«ጠፋ» አለ ታምሩ ከላይ፣ ደስ ብሎት። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።»

ያኔ ነው ሸዋንግዛው በእውነት የፈራው። ድምፁ ጠፋ እንጂ ስንጥቁ እዚያው ነው። ሸኮ ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር፣ ያ ሁሉ ሸክም ባንድ በኩል ሲያጋድል፣ ሳጥኑ ከነብረቱ ተገንጥሎ ይወጣል፤ መሪውም ታምሩ እጅ ላይ ባዶውን ይዞራል። ከታች ገደል ነው።

ከሥር ወጣ። ባለ ቡኒ ጃኬቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ያየዋል። ሸዋንግዛው አፉን ከፈተ፤ ቃሏ ከንፈሩ ላይ ደርሳ ተመለሰች።

«ታምሩ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ክቡ ተሰንጥቋል። ክቡን ሳናየው አትሂድ።»

«ክቡ?» ታምሩ የፊት ጎማውን በእግሩ መታ አደረገ። «እሱማ ባለፈው ሳምንት ነው ከጅማ ያመጣሁት። አዲስ ነው ጋሼ።»

«ጎማውን አይደለም። ክቡን ነው የምልህ።» በጣቱ አየር ላይ ክብ ሠራ፤ ባለ ጃኬቱ እያየው ወደ መሪው መጠቆም ግን አልደፈረም።

ምስኪን ታምሩ፣ የሚዛን ጋራዦችን ምሥጢር ማን ነግሮት። ክብ ነገር ጎማ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ዞሮ አራቱንም ጎማዎች አየለት፤ ሽማግሌ እንዳይከፋው ብሎ ነው። ተሳፋሪው «ኧረ እንሂድ፣ ዝናቡ ሳይጥል» አለ። ባለ ጃኬቱ አንድ ነገር ሊናገር ያለ መሰለና ተወው፤ ጋቢና ገብቶ በሩን ዘጋ። መኪናው ምንም ሳያንኳኳ፣ እንደ አዲስ ጸጥ ብሎ ጉሙ ውስጥ ገባ።

ሸዋንግዛው ቁልፉን እንደያዘ ቆመ። ብናገር ይወስዱኛል፤ አሁን ደግሞ «ሂድ» የሚለኝ የለም፤ በየነች ብቻዋን ትቀራለች። ዝም ካልኩስ? ዝም ካልኩማ ማንም አይጠይቀኝም፣ መኪናው ያረጀ ነው ይላሉ። ይሄ ሐሳብ ነው ያንገፈገፈው። ራሱን ተጸየፈ። መሮጡን ያወቀው እየሮጠ ነው።

ገበያው ጋ ሙዝ የጫነ ጋሪ መንገዱን ዘግቶ ነበር። መኪናው አልፎት ሊፈተለክ ሲል ሸዋንግዛው ደረሰና ያን የድሮ ድምፁን ለቀቀው።

«ታምሩ! መሪው ነው። መሪው ተሰንጥቋል፣ በዚህ መሪ አትሂዱ፣ ሁላችሁም ታልቃላችሁ!»

ዋጋ የምትከራከረው ሴት አፏን እንደከፈተች ቀረች። ማንም ወደሱ አልዞረም፤ ሁሉም ግን ሰምቷል፤ ጀርባቸው ያስታውቃል። መኪናው ቆመ። ተሳፋሪዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ፣ እናቲቱም ሕፃኗን አቅፋ ወረደች። በመጨረሻ የጋቢናው በር ተከፈተና የተወለወለው ጫማ ጭቃው ውስጥ ገባ።

ሸዋንግዛው መሬት መሬቱን አየ።

«የትኛው መሪ?» አለ ሰውየው።

ያ ክፍል ውስጥ የተጠየቀው ያው ጥያቄ ነው። ያም ሆኖ «ይምጡ፣ ላሳይዎት» አለ።

ሰውየው ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ታምሩ መሪውን ሲያዞር ቋ አለ፤ ከጋራዡ እስከ ገበያው ባለች አጭር መንገድ ብቻ ቡሎኖቹ እንደገና ላልተው፣ ስንጥቁ ጥፍር እስኪያስገባ ተከፍቶ ነበር። ሰውየው ብረቱ ሲከፈትና ሲዘጋ እያየ ብዙ ቆየ። ሲነሣ ወደ ሸዋንግዛው ዞረ።

«ይትባረክ እባላለሁ» አለ። «ቴፒ አስተማሪ ነኝ። ጋራዥህ ጋ ሰላም ያላልኩህ፣ ሰው አሳልፈህ ትሰጣለህ ሲሉ ስለሰማሁ ነው። እነሱ ጋ ገብቶ በዚያው ቀን የወጣ ሰው አንተ ብቻ ነህ ይላሉ። በዚህ መስመር ስለምመላለስ ክቡ ምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ስትናገር ሾፌሩን ላስረዳልህ ፈልጌ ነበር። ግን ወጥመድ መሰለኝ፤ ፈራሁህ።»

«እኔን?»

«አንተን።»

ሸዋንግዛው አንገታቸውን ደፍተው ያለፉትን ሰዎች አሰበ፣ ምሰሶው ሥር ቆመው ሲያያቸው የሚሄዱትንም። እሱ ሲፈራቸው የከረሙት ሰዎች እሱን ሲፈሩ ከርመዋል። እዚያው ቆሞ እንባው መጣ፣ ቁጣውም አብሮ መጣ። ፊቱን በዘይታማ እጁ ጠረገና ወደ ታምሩ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

«ታምሩ፣ መፍቻውን አምጣ። መሪውን እናውርደው።»

ገበያው ሙሉ ሰማ። ታምሩ ዙሪያውን አየ፤ የሄደ ሰው የለም። ይትባረክ ጃኬቱን አውልቆ ጋቢናው ላይ ጣለና እጅጌውን እየሰበሰበ «በየት በኩል ልያዝልህ?» አለ።